«እንዴት ታምራለች!»፦ ከሞዴልነት ወደ ትወና የሄድኩበት መንገድ

በ2004 ዓ.ም. ሁለተኛ ፊልሜ ሲኒማ ቤት ሲገባ ከተመልካች ጋር ሆኜ ላየው ሄድኩ። ማንም እንዳያውቀኝ ሻርፕ ተከናንቤ ከኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። በጉጉት የምጠብቀው አንድ ትዕይንት ነበር፤ የወንድሜን መርዶ የምሰማበት። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተናገሩ፣ እኔም አለቀስኩ። እንባዬ በጉንጬ ላይ ሲወርድ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ «ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» አለች።

ሴትዮዋ ምንም ክፉ አልተናገረችም። ነገር ግን ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወጣት በስደት መንገድ ላይ በረሃ ቀርቷል፤ እህቱ መርዶ እየሰማች ነው፤ ተመልካቿ ያየችው ግን ጉንጬን ነው። ለወንድሜ ያዘነለት ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ወራት ፈጀብኝ፤ ለማስተካከል ግን ዓመታት።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በሞዴልነት እየሠራችሁ ነገ ተዋናይት ለመሆን ለምታስቡ እህቶቼ ነው። «ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ በሁለት መስመር ስመልስላችሁ ኖሬያለሁ። ሁለት መስመር ግን አይበቃም።

እናቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ጨርቁን ከሸማኔዎች ትረከብና ጥልፉን ከሱቋ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ራሷ ትጠልፋለች። ገና በአሥራ አራት ዓመቴ ቁመቴ ከእርሷ አለፈ። ከውጭ አገር ለሠርግ የመጡ ደንበኞች ቀሚሱ ተሰቅሎ አልታይ ሲላቸው «ነይ እስቲ፣ ልበሽላቸው» ትለኛለች። እለብሳለሁ፣ እዞራለሁ፣ ቀሚሱ ይሸጣል። የሞዴልነት ትምህርት ቤቴ ያ ነበር። ጥለቱ ከፊት ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ትከሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ነጠላ ሳይንሸራተት እንዴት እንደሚዞሩ፣ ሰው ልብሱን እንዲያይ ፊትን እንዴት ጸጥ ማድረግ እንደሚቻል የተማርኩት እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። ይህችን ፊትን ጸጥ ማድረግ የምትባለውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ዋጋ አስከፍላኛለች።

1999 ዓ.ም. ላይ የአዲሱ ሺህ ዓመት በዓል እየተቃረበ ስለነበር በከተማው ሥራ ሞልቶ ነበር። የእናቴ ደንበኛ የሆነች ዲዛይነር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ባዘጋጀችው ትርኢት ላይ እንድሠራ ወሰደችኝ። የተከፈለኝ 300 ብር ነው፤ ብሩን እንዳለ ለእናቴ ሰጠኋት፤ እርሷም በመቶው ለእኔ ጫማ ገዛችልኝ። ከዚያ የካላንደር ፎቶ መጣ፣ ከዚያ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ፣ ከዚያ የሙዚቃ ክሊፕ። በእኛ አገር ከሞዴልነት ወደ ፊልም የሚወስደው ዋናው ድልድይ ክሊፕ ነው። ዘፋኙ ሲዘፍን አንቺ ትሄጃለሽ፣ ትዞሪያለሽ፣ በመስኮት ታያለሽ፤ አንድም ቃል አትናገሪም። ከዚያ አንድ ፕሮዲዩሰር ያይሽና «ይህች ልጅ ፊልም ብትሠራ!» ይላል። ቃል ያልተናገረች ሴት መናገር እንደምትችል በምን እንዳወቀ ማንም አይጠይቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሞዴልነትን ማቃለሌ አይደለም። የሚያቃልለው ሰው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በባዶ ሆዱ ቆሞ፣ ቀሚሱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቦ፣ እግሩ በማይበቃው ጫማ ታስሮ አያውቅም። ያ ሥራ ዛሬም የሚጠቅሙኝን ነገሮች አስተምሮኛል። ወለል ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ምልክት ላይ ወደ ታች ሳላይ ሄጄ መቆም እችላለሁ። መብራት ከየት እንደሚመጣ ቆዳዬ ይነግረኛል። አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ድገሚ ብባል አይሰለቸኝም። የልብስ ነገርማ ተውኝ፤ በቀደመው ቀረጻ ነጠላዬ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደነበረ ከማንም ቀድሜ አስታውሳለሁ። እንዲያውም በዚያ የመርዶ ትዕይንት ላይ አልባሿ ነጠላዬን እንደ ሠርግ አድርጋ ጥለቱን ወደ ታች ለቃው ነበር። ሐዘን ላይ ነጠላ እንደሚዘቀዘቅ፣ ጥለቱም ወደ ላይ እንደሚሆን የነገርኳት እኔ ነኝ። ለልብሱ ያን ያህል ስጠነቀቅ ለምጫወታት ሴት ግን አልተጠነቀቅኩም።

ለዚያ ፊልም የተመረጥኩበትን ቀን ልንገራችሁ። በፊልሙ ጽሑፍ ላይ ጎረቤቶች ወንድሟ ሞቷል ብለው ሲያንሾካሹኩ እህቲቱ ተነስታ «ወንድሜ አለ!» ትላለች። እኔ አላልቼ አነበብኩት። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ለ» ስትጠብቅ ወንድሜ በሕይወት ይገኛል ማለት ነው፤ ስትላላ ደግሞ ወንድሜ እንዲህ ሲል ተናገረ ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወንድሜ የተናገረውን ልነግራቸው ነው ብለው ጠበቁ። አዘጋጁ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ቤቴ ብሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነት ስህተት በፍጹም አልሠራም። ገጹን ያየሁት ግን መቼ ቀና ማለት እንዳለብኝ ለማወቅ እንጂ ሴትዮዋ ምን እንደምትል ለመስማት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ጽሑፍ ሲሰጠኝ መጀመሪያ እርሳስ አነሳለሁ። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። «ይበላል» ሲል ሰውየው ሊበላ ነው ወይስ ምግቡ የሚበላ ነው? «ገና» የበዓሉ ስም ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው? ነጥቧን ለማድረግ ዓረፍተ ነገሩን መረዳት ግድ ይላል፤ ለመረዳት ደግሞ ማን ለማን፣ ለምን እንደሚናገር ማወቅ። የትወና መግቢያ በር ለእኔ ይህች እርሳስ ሆናለች። ዋጋዋ ጥቂት ብር ነው፤ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ።

ያን ቀን እንደዚያ አንብቤም ቦታው ተሰጠኝ። ፕሮዲዩሰሩ ፖስተሩን አስቀድሞ በአእምሮው ስሎት ነበር። ደስ አለኝ፤ ያኔ መከፋት እንደነበረብኝ አላወቅኩም።

በቀረጻው ቀን የእናትነቱን ቦታ የያዙት አንጋፋ የመድረክ ተዋናይት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ትዕይንቱን አራት ጊዜ ሠራነው፤ አራቱንም ጊዜ አለቀስኩ፤ አዘጋጁም ወደደው። በእረፍት ሰዓት እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ መርዶውን የነገሩሽ ሽማግሌዎች በዚህ በኩል ናቸው። ፊትሽን ወደ መብራቱ ለምን አዞርሽ?» አሉኝ።

ማዞሬን አላወቅኩም ነበር። አካሌ በራሱ ጊዜ መብራቱን ፈልጎ አገኘው፤ ለአምስት ዓመት የለመደው ሥራ ነው። ሞዴል የምትታይበትን ማወቅ አለባት፤ እንጀራዋ ነው። ተዋናይት ደግሞ እየታየች መሆኗን እያወቀች ልቧን ከዚያ ላይ ማንሳት አለባት። ሁለቱ ሙያዎች ከሩቅ ሲታዩ እህትማማች ይመስላሉ፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ መብራት። ከውስጥ ግን አንዱ የሚያስተምርሽን ሌላው እንድትረሺ ይጠይቅሻል። ይህን የሚነግር ሰው ስለሌለ ብዙ ቆንጆ ልጆች ሦስት አራት ፊልም ሠርተው ይጠፋሉ፤ ሰዉም «ትወና አትችልም» ብሎ ይደመድማል። አለመቻል አይደለም፤ አለመማር ነው።

ከሲኒማ ቤቱ ምሽት በኋላ ሁለት የፊልም ጥያቄዎች መጡልኝ፤ ሁለቱንም መለስኳቸው። አንዱ የሀብታም እጮኛ፣ ሌላው ከውጭ አገር የመጣች ዘመድ ነበር። ረጅምና ቀጭን ከሆንሽ የሚሰጥሽ ቦታ ይኸው ነው፤ እጮኛ፣ ዲያስፖራ፣ የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ። ልጅ ያዘለች፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ከአከራይዋ ጋር የምትከራከር ሴት ሆነሽ የሚያስብሽ የለም። እናቴ ገንዘብ ሲመለስ አይታ ደነገጠች፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን «እንግዲያው ተማሪ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ዘጠኝ ወር በማታ የትወና ትምህርት ተማርኩ፤ ቀን ቀን የካላንደርና የማስታወቂያ ፎቶ እየሠራሁ። መምህራችን በመጀመሪያው ሳምንት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሼክስፒር ወደ አማርኛ ከመለሳቸው ተውኔቶች አንድ ገጽ ሰጠንና ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን እንድናነብ አደረገን። ሌሎቹ ተማሪዎች ቀለላቸው። እኔ ትንፋሽ አጠረኝ። ፊቴ ሲሸፈን ምንም የቀረኝ ነገር የለም፤ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልፎ አይወርድም፤ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ አየር ያልቅብኛል። መምህሩ እጁን ከሆዴ ፊት ለፊት፣ ሳይነካኝ፣ አየር ላይ ይዞ «እስከዚህ ድረስ ተንፍሺ» ይለኝ ነበር። በየጠዋቱ ሽሮ ሜዳ ከሱቁ ጀርባ ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ሆዴ ላይ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ አስቀምጬ፣ መጽሐፉ ከፍና ዝቅ እስኪል እተነፍሳለሁ። እናቴ በላዬ ተራምዳ ትሄዳለች።

ከዚያ መድረክ ላይ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ጎረቤት፣ ነርስ፣ ሠርገኛ ሆኜ ሠራሁ። የመድረክ ክፍያ ከአንድ ቀን ማስታወቂያ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ደብቄ አላታልላችሁም። ነገር ግን መድረክ ላይ «ቁረጥ» የሚል የለም። ተሳሳትሽም አልተሳሳትሽም ከፊትሽ የቆመውን ሰው መስማት አለብሽ፤ ካልሰማሽው ቃልሽ ይጠፋብሻል። ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት አባወራ ጉንጭሽን አያዩም፤ የሚደርሳቸው ድምፅሽና አካሄድሽ ነው። መጋረጃ ጀርባ ተራዬን ስጠብቅ ከእኛ በፊት የነበሩትን ሴቶች አስብ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች መድረክ ላይ ለመቆም ሲደፍሩ «አዝማሪ» ተብለው እየተሰደቡ ነው። እኛ የተቀበልነው መድረክ በስድብ የተገዛ መድረክ ነው፤ በፊታችን ብቻ ልንቆምበት አይገባም።

በ2008 ዓ.ም. ዳግመኛ የመርዶ ትዕይንት ያለበት ፊልም ደረሰኝ። በዚህኛው ላይ ባሏ ከርቀት ሥራ ቦታ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ያላት ሴት ነኝ። ቀረጻው ከመድረሱ በፊት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ማልቀስ አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ከማልቀስ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የአጎቴ መርዶ ቤታችን መጣ። ገና በደንብ አልነጋም። እናቴ ለቅዳሜ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ስለነበራት በሩን ገርበብ አድርጋ በዚያች ብርሃን እየጠለፈች ነው። ታናሽ እህቴ እግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ገና አንዳቸውም ሳይናገሩ እናቴ ገባት። ክሩን በጥርሷ አልቆረጠችውም፣ ቀሚሱን አልጣለችውም። መርፌዋን ከጨርቁ ነቅላ በደረቷ ላይ በነጠላዋ ሰካችው። በጥንቃቄ፣ ጫፏን ወደ ውስጥ አድርጋ ሰካችው። ከዚያ በኋላ ጮኸች። ዓመታት አልፈው ነው የገባኝ፤ መርፌዋ ምንጣፉ ላይ ብትወድቅ የተኛችውን ልጅ ትወጋለች።

አዘጋጁን ሴትዮዋ በዚያ ሰዓት የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፋች ብትሆን ምን ይመስልሃል አልኩት። እሺ አለ። ቀረጻው ሲጀመር ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ እነርሱን አየሁ፤ መርፌዋን ነጠላዬ ላይ ሰካሁ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ካሜራ ባለሙያው «ግማሽ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ገብቷል፤ እንድገመው» አለ። አዘጋጁ ዝም ብሎ ቆየና «አይደገምም» አለ። ፊልሙ ላይ ዛሬም ግማሽ ፊቴ አይታይም።

የሙያው ነገር ይህ ነው። አሁን ስለ ገንዘብና ስለ ራስ ጥበቃ ልናገር፤ ይህን ማንም በጊዜው ስላልነገረኝ ነው።

ከክሊፖቹ በአንዱ ሦስት ቀን ሠርቼ «ክሊፑ ሲለቀቅ እንከፍላለን» ተባልኩ። ተለቀቀ፤ አልተከፈለኝም። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ስላልነበረ የምከራከርበትም አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለስድስት ወር ብቻ የተስማማሁበት የቅባት ማስታወቂያ በሦስተኛው ዓመት በየፀጉር ቤቱ ተለጥፎ አገኘሁት። ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ እንደሚከለክል ያሳየኝ እርሱ ነው። በዚህኛው ሥራ ውሉ በእጄ ነበር፤ ስድስት ወር የምትለው ቃልም ተጽፋበታለች። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፖስተሮቹ ተነሱ፤ ለተጨማሪው ጊዜም ተከፈለኝ። ሁለቱን ሥራዎች የለያያቸው አንድ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ውላችሁ ላይ እነዚህ ነገሮች መኖራቸውን ሳታዩ አትፈርሙ፤ የቀረጻው ቀናት ስንት እንደሆኑና ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ ቀን ምን እንደሚከፈል፣ ምስላችሁ ከፊልሙ ውጭ ለሌላ ማስታወቂያ ይዋል ወይስ አይዋል፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሚፈጸም። እኔ ሲሶውን ስፈርም፣ ሲሶውን ቀረጻው ሲጋመስ፣ የቀረውን በመጨረሻው የቀረጻ ቀን እቀበላለሁ። «ፊልሙ ሲታይ» የሚባል ቀጠሮ አልቀበልም፤ ፊልም ሳይታይ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነውና። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አውጡ፤ ከሌላችሁ ከክፍያችሁ ላይ የሚቀነሰው ብዙ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ብሎ የሚጠራው እናንተንም እንደሆነ እወቁ፤ ተዋናይ በሠራው ሥራ ላይ በሕግ የታወቀ መብት አለው።

ለተዋናይ ምርጫ የሚጠራችሁ ሰው ቀጠሮውን ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ ካደረገው ምርጫ አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። በመጀመሪያው ጊዜ እናቴን ይዤ እንግዳ መቀበያው ድረስ ሄድኩ፤ ሰውየው ሳይወርድ ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ አልሄድኩም። ያመለጠኝ ሥራ የለም። እውነተኛ አዘጋጅ በቀን፣ በቢሮ፣ ሌሎች ሰዎች ባሉበት ያነጋግራችኋል፤ ሰው ይዛችሁ ብትመጡም አይከፋውም። ቢከፋው ያን ጊዜ ምን እንደፈለገ አወቃችሁ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ነውሩ የእናንተ አይደለም፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

ወደ ዓረብ አገር ለሞዴልነት እንወስዳችኋለን የሚሉም አሉ። አንዱ «ፓስፖርትሽን ተይልኝ፣ ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ» ሲለኝ እሺ ልል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። እናቴ የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ ውሉን፣ የመመለሻ ትኬቱን ጠየቀችው፤ አንዱንም አላመጣም። ፓስፖርት ከእጅ አይወጣም።

ስለ መልክም አንድ ነገር ልበል፤ የሚያመኝ ነገር ስለሆነ ነው። እኔ ጠይም ነኝ። ለዓመታት ሜካፕ ሲቀባኝ ፊቴ ከአንገቴ በሁለት ደረጃ ቀልቶ ይወጣ ነበር። «ካሜራ ላይ ቀይ ያምራል» ይባላል። ውሸት ነው፤ መብራቱን የሚያውቅ ባለሙያ ጠይም ፊትን ጠይም አድርጎ ያሳያል። ዛሬ የራሴን ቀለም የሚመጥን ዱቄትና ቅባት በቦርሳዬ ይዤ ነው ቀረጻ የምሄደው። የመጀመሪያ ቀን በትሕትና እነግራቸዋለሁ፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

ብዙዎቻችሁ ሊያ ከበደን እያነሳችሁ «እርሷስ ከሞዴልነት ተነስታ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አዎ፤ እስቲ መንገዷን በደንብ እዩት። (ስለ እርሷ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 አዲስ አበባ ተወልዳ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማረች ልጅ በ2003 የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ የኤስቴ ላውደር የማስታወቂያ ፊት ስትሆን በዚያ ኩባንያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ከዚያ በላይ የታወቀ ፊት ከየት ይመጣል? እንደዚያም ሆኖ ፊልም ስትጀምር በ2005 እና በ2006 በታላላቅ ፊልሞች ላይ የያዘችው አነስተኛ ቦታ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ፊልም የተሸከመችው በ2009፣ የሶማሊያዊቷን ሞዴል የዋሪስ ዲሪን ሕይወት ስትጫወት ነው። ሞዴል ሆና ሞዴልን ተጫወተች፤ ግን የፊልሙ ልብ ፎቶና ትርኢት ሳይሆን በሕፃንነቷ የተገረዘች ልጅ ሕመም ነው። ትንሽ ቦታ ሲሰጣችሁ አትናቁት። በመሀሉ በ2007 ለምለም የሚባለውን ድርጅት መሥርታ በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ ልብስ ለዓለም ገበያ ማቅረብ ጀመረች። እናቴ ይህን ስነግራት ከሁሉም ያስደሰታት የሸማኔዎቹ ነገር ነው።

ሥራው ዛሬ የት እንዳለም እወቁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ፤ እኔም እንደ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ዞርኩ። ከዚያ በፊት የውጭ ተከታታይ ፊልሞች ወደ አማርኛ ተተርጉመው መታየት ሲጀምሩ ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል በድምፅ ሠርቻለሁ። ፊት በማይታይበት ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎን ፊት፣ የሌላ አገር ሴት ከንፈር እየተከተልኩ መናገር። ሥራው ሲመጣላችሁ ያዙት። ያ የነጠላው መልመጃ ነው፤ ልዩነቱ የሚከፈልበት መሆኑ ነው።

የ2008ቱን ፊልም እናቴን ይዤ ነው ያየሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሱቋን ዘግታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። መርዶው ሲመጣ ከኋላችን የሚያወሩ ልጆች ዝም አሉ። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። ስለ መልኬ የተናገረ የለም።

ወጥተን ታክሲ እስክንይዝ ድረስ እናቴ ምንም አላለችም። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ እጄን ያዘችና «መርፌዋን ነጠላዋ ላይ የሰካችው ነገር፣ ያንን ማን አሳየሽ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ። የአጎቴ መርዶ የመጣ ጠዋት።»

ረጅም ጊዜ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና «እኔ?» አለች። «እኔ እኮ መርፌ መያዜንም አላስታውስም።»